በማንጎዎቹ ዙሪያ ያለው ቀለበት

አሶሳ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ የልጅ ልጅ ለቤዚ፤

ከሰላምታ በፊት ክስ አለኝ። የላክሽልኝ መጽሐፍ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም ይመዝናል። ግምት አይደለም፤ ከፖስታ ቤት ስመለስ ሽንኩርት የምትቸረችረው ሴትዮ ጋ ጎራ ብዬ በሚዛኗ አስመዝኜዋለሁ። ስልሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ይህን ታቅፎ ከተማ ሲያቋርጥ ምን ይባላል? ሁለት ሰዎች አስቁመው ሴራሚክ ስንት ገባ ብለው ጠየቁኝ። ወረቀቱም እንደ መስታወት ያበራል፤ መነጽሬ ላይ እየተንጸባረቀ አላስነብብ ስላለኝ ደመና እስኪመጣ ጠብቄ ነው ያነበብኩት። ለወደፊቱ ዕውቀትሽን ቀለል ያለ ወረቀት ላይ አድርጊው።

ክሱ እዚህ ላይ ይዘጋ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። አንቺስ እንዴት ነሽ? እዚያ አውሮፓ፣ ጌንት፣ ብርዱ ጀመረ? አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ልጁ በሥዕል ዶክተር ልትባል መሆኑን ቢያይ ሰፈሩን ሁሉ ያስቸግር ነበር። ፈንታውን እኔ እያስቸገርኩልሽ ነው።

አጎቴን ምንያህልን፣ አያትሽን ማለቴ ነው፣ በዚያ በሚያበራ ወረቀት ላይ ሳገኘው ደስ አለኝ። አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ያለውን መልክዓ ምድር እኔ በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ወደ አሶሳ ስመጣ ለፈረንጁ ሐኪም ከሸጠው ቆይቷል። ከታች እስከ ላይ ጥቁር መሬት። መሐል ላይ አምስት ድፍን አረንጓዴ ዛፎች። በዛፎቹ ዙሪያ ነጣ ያለ ቢጫ ቀለበት። ከበላዩ የጭስ ሰማያዊ ኮረብታ። ከጀርባው ‘ጥር 1957’ የሚል ጽሑፍ። ቤት የለ፣ ሰው የለ፣ መንገድ የለ። እንዲህ በአራት ቀለም አገር ይሳላል? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሱቅ ምልክት ስስል አንድ ኩባያ ሻይ ለመሳል አምስት ቀለም አባክን ነበር።

ከሥዕሉ ሥር የጻፍሽውን ግን አንብቤ ሳቅኩ፤ አትቆጪ። “የቅዱሳንን ራስ ይከብ የነበረው አክሊለ ብርሃን ወደ ምድር ወርዶ ሰው በሌለበት ባዶ ምድር ላይ ዐረፈ። ዛፎቹ በየትም ቦታ የሉም፤ ከቀለም ምት የተወለዱ ናቸው” ትያለሽ። ልጄ፣ ዛፎቹማ አሉ። ማንጎ ናቸው። ከቤቴ ቁልቁል በባምባሲ መንገድ በኩል አራቱ ዛሬም ቆመዋል፤ አምስተኛውን መብረቅ ወስዶታል። ከሥራቸው ነዕማ የምትባል የበርታ ተወላጅ ጎረቤቴ ትኖራለች። ገጹን ገልጬ አሳየኋት። ዕቃ እያጠበች ነበር፤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጽሐፉን ተቀበለችኝና ወደ ብርሃን አዞረችው። ከዚያ “ይሄ ጥር ነው” አለች። “ሣር ተቃጠለ። ይሄ የኛ ግቢ ነው። እናቴ ጠረገ፣ አባቴ እሳት ለኮሰ።”

ጣቷ ያረፈው አክሊልሽ ላይ ነበር። እዚህ አገር ሣሩ ከሰው በላይ ነው፤ በበጋ ይነዳል። ከመንደዱ በፊት እያንዳንዱ ቤተሰብ ግቢውን ዙሪያውን ስድስት ሰባት እርምጃ ያህል ይመነጥራል፣ ይጠርጋል፣ አፈሩ እስኪነጣ። ከዚያ ጎረቤት ተጠራርቶ ቅርንጫፍ ይዞ ከቀለበቱ ጠርዝ ወደ ውጭ ይለኩሳል። ማታ መሬቱ ጥቁር፣ ቀለበቱ ነጭ፣ ማንጎው አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ሰው የማይኖርበትን ቦታ ደግሞ ማንም አይጠርግም።

ይህን ያህል ነው። ዶክተር ስትሆኚ እኔን ረዳት አድርገሽ ቅጠሪኝ። ነዕማ ሥዕሉን ግድግዳዋ ላይ ልትሰቅለው ስለፈለገች በትልቁ የታተመ ፎቶ ላኪላት።

ወንድምሽ ቴዎ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ እዚህ መጥቷል። ለምን እንደመጣ ስጠይቀው ጫማውን እያየ ነው የሚመልስልኝ። ጫማው ጥሩ ነው።

አጎትሽ ደባልቄ

*

ጌንት፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ደባልቄ፤

ጤናዎን እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ።

መጽሐፉ ከብዶዎት ከሆነ ይቅርታ። ለእኔም ከብዶኝ ነበር፤ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። በአራት ዓመቱ ውስጥ የሽንኩርት ሚዛን ላይ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም።

ስለ ሥዕሉ የጻፉልኝን አነበብኩ። በዚህ በትምህርት ዓለም አንድ የታወቀ ስህተት አለ፤ ሥዕልን እንደ መስኮት ቆጥሮ “ያቺ ዛፍ የማን ናት” ብሎ መጠየቅ። አያቴ ካርታ አንሺ አልነበሩም። ዘጠኝ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተማሩ፣ ከዚያ ያንን ሁሉ ትተው በአራት ቀለም አንድ አዲስ ነገር የሞከሩ ሰው ናቸው። በዚያን ጊዜ በአገራችን መልክዓ ምድርን እንዲህ የሣለ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። መሬቱን ጥቁር ያደረጉት መሬት ጥቁር ስለሆነ አይደለም። ቀለበቱንም የሣሉት የተጠረገ አፈር አይተው አይደለም። የመመረቂያ ጥናቴ ሁለት መቶ ሰባ ገጽ የቆመው በዚህ ቀለበት ላይ ነው፤ የካቲት 20 ቀን በአምስት ፕሮፌሰሮች ፊት እከላከለዋለሁ።

እርስዎ የሻይ ኩባያና የፀጉር አስተካካይ መቀስ ሲስሉ ኖረዋል። ሥራ አይናቅም። ግን ኩባያ የሚስል ሰው ሁሉን ነገር ኩባያ ቢያደርገው አይገርምም።

ፎቶውን መላክ አልችልም፤ መብቱ ሥዕሉ ያለበት የዚህ የጌንት ቤተ ሥዕል ነው። ለጎረቤትዎም ስለዚህ ሥዕል ከእንግዲህ ምንም ባይነግሯቸው ይሻላል። ቴዎንም በጫማው አይፍረዱበት፤ የራሱ ጉዳይ አለው።

አክባሪዎ ቤዚ

*

አሶሳ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ለቤዚ፤

እንደ ልጅነትሽ ‘አንተ’ እንደማትዪኝ ከገባኝ እኔም ማዕረግ ልጨምርልሽ ብዬ ነው። ፈጣሪ ከአምስቱ ፕሮፌሰሮች ይጠብቅሽ፤ ከኩባያ ሠዓሊም ጨምሮ።

ይህን ደብዳቤ ኮፒ ቤት አስነስቼ በኢሜይል እልከዋለሁ። ፖስታ ለመጠበቅ ጊዜ የለም። ቴዎ ለምን ጫማውን እንደሚያይ አሁን ዐውቄአለሁ።

ወንድምሽ ለነባር ይዞታ አጣሪ ኮሚቴ ማመልከቻ አስገብቷል። አያትሽ በመጋቢት 1957 ‘ጠፍ መሬት’ ተብሎ ለመምህርነታቸው የተሰጣቸውን ወረቀት አያይዞ፣ ማንጎው ያለበትን ቦታ በውርስ ይገባኛል ይላል፤ የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራበት። የነዕማ ቤተሰብ ኋላ የመጣ፣ አያታችን በደግነት ያስጠጉት ነው ይላል። የዱሮው ወረቀት በአዋጅ ተሽሯል ስላቸው፣ ኮሚቴው “እኛ የምናጣራው ማን ቀድሞ እንደነበረበት ነው” አለኝ። ነዕማ ወረቀት የላትም። ያላት አራት ማንጎ ነው፣ የእናትና የአባቷ መቃብር ነው፣ የሰባ ሦስት ዓመት ዕድሜዋ ነው።

አሁን የሚያስቀውን ስሚ። ከቴዎ ማስረጃዎች አንዱ የመጽሐፍሽ አርባ አንደኛ ገጽ ነው። በአማርኛ ተተርጉሞ፣ ማኅተም ተመቶበት። “በውጭ አገር የተማሩ ባለሙያ እንዳረጋገጡት በ1957 ቦታው ሰው የሌለበት ባዶ ምድር ነበር” ይላል። ነዕማ በማኅተም ባዶ ሆነች። አጠገቤ ተቀምጣ ሳነብላት “እኔ የት ነበርኩ በለው” አለችኝ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ መጥረጊያ ይዛ ነበር።

ትርጉሙ ጥሩ አማርኛ ነው፤ ‘የቀለም ምት’ የሚል አለበት። ቴዎ ‘ምት’ የሚያውቀው በኳስ ነው። ማን ተረጐመለት ብዬ አልጠይቅሽም።

የምጠይቅሽ ሁለት መስመር ነው። ‘ቀለበቱ የመኖሪያ ግቢ የእሳት መከላከያ ሊሆን ይችላል፤ ገጹ ለመሬት ማስረጃ አይሁን’ ብለሽ ፈርመሽ ላኪ። ኮሚቴው ጥር 27 ቀን ማንጎው ሥር ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ አምስት ሺህ ገጽ ብትጽፊ አይጠቅማትም።

የፎቶውን ነገር ተይው። ነዕማ የምትሰቅልበት ግድግዳ መኖር አለበት መጀመሪያ።

ደባልቄ

*

ጌንት፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ደባልቄ፤

እንደምን ሰነበቱ። ብዙ ቀን የዘገየሁት አስቤበት ልመልስ ብዬ ነው። አስቤበታለሁ።

ገጹን የተረጎምኩለት እኔ ነኝ። ያልጠየቁኝን ልመልስልዎ። ቴዎ ለምን እንደፈለገው ነግሮኛል። የአባታችን ርስት ነው፤ ወንድሜ ነው፤ የጻፍኩት የራሴ ቃል ነው። ውሸት ብዬ የማምነው ነገር አልተረጎምኩም።

ሁለት መስመር ይላሉ። ያን ሁለት መስመር በፈረምኩ ማግስት አንዱ ፕሮፌሰር እጁን አውጥቶ “በጥር ወር የእሳት መከላከያ ጥርጊያ ነው ብለሽ ለመንግሥት አካል ጽፈሻል፤ ዛሬ አክሊል ነው ትያለሽ፤ የትኛው ነው?” ቢለኝ ምን ልመልስ? እርስዎ ደግሞ እየቀለዱ ነው የሚጠይቁኝ። ሁሌም እንዲያ ነዎት። አባቴ ታሞ እያለ እንኳ መጥተው ቀልደው ነው የሄዱት። እሱ ስቆ ነበር፤ እኔ ግን አልረሳሁም።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። ሥጋ ዘመድዎን በባዕድ ፊት ሲከሱ የት ተቀምጠው ነው የሚጽፉት? ያሉበት ቤት የቆመው በዚያው በመጋቢት 1957 ወረቀት ነው። አያቴ በነፃ ያስገቡዎት ቤት ነው፤ አርባ ሦስት ዓመት ኖረውበታል። ወረቀቱ ለማንጎው ሐሰት ከሆነ ለእርስዎ ጣራ እውነት ሊሆን አይችልም። ይህን ለጎረቤትዎ ነግረዋቸዋል? ለኮሚቴውስ?

መጀመሪያ ያንን ይጻፉ። ከዚያ የእኔን ሁለት መስመር ይጠይቁ።

ቤዚ

*

አሶሳ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቤዚ፤

የገና በዓል እንዴት ዋለ አልልሽም፤ ‘ቀለደ’ ትያለሽ። አባትሽን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልናገር። ሆስፒታል የመጣሁት ላለቅስ ነበር። እሱ ነው እጄን ይዞ “ደባልቄ፣ እነዚህ ልጆች ፊታቸው ጠቁሯል፤ ሥራህን ሥራ” ያለኝ። ሥራዬን ሠራሁ።

ስለ ቤቴ የጻፍሽው ልክ ነው። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ኮሚቴው ዘንድ ሄጄ ‘እኔም የምኖረው በዚሁ ወረቀት ነው’ ብዬ አስመዘገብኩ። መዝጋቢው ቀና ብሎ አይቶኝ “ጋሼ፣ ማን ከሰስዎት?” አለኝ። “የአጎቴ የልጅ ልጅ፣ ከአውሮፓ” አልኩት። “ምን አድርገዋት ነው?” አለኝ። “ሥዕል ሳስተምራት ነው” አልኩት። ተጻፈ። ስለዚህ ሁለት መስመርሽን አሁን እየጠየቅኩ ነው።

ግን ከጠየቅሽኝ በላይ ልጨምርልሽ። ትናንት መጽሐፍሽን በጆንያ ሸክፌ ከከተማው በስተላይ ያለውን ጉብታ ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ የመጽሐፉ ድርሻ አንዱ ሰዓት ነው። ሣሩ ባለፈው ሳምንት ተቃጥሏል። ገጹን ገልጬ እየተንቀሳቀስኩ ኮረብታውን ከኮረብታው ሳጋጥም አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ደረስኩ። እዚያ ሲቆም ሁሉም ይገጥማል። ጥቁሩ ይገጥማል። ጭሱ ይገጥማል። የነዕማ ቀለበት ይገጥማል፤ ዘንድሮም ጠርጋለች። ቤቴ ከማንጎው በስተግራ ነው፤ ከሥዕሉ ጠርዝ ጥቂት ወጣ ይላል። አያትሽ አላስገባውም፤ ያኔ ባዶ ነበርና።

ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳስብ ግን አንቺም ሙሉ በሙሉ እንዳልተሳሳትሽ ገባኝ። ቀለበቱ መሬት ላይ ክብ አይደለም። ማሳ ስላለ በአንድ በኩል ጎበጥ፣ በአንድ በኩል ሾል ይላል። እሱ ግን ክብ አድርጎታል፤ እንደ አክሊል አስተካክሎ። ዘጠኝ ዓመት የቅዱስ ራስ የከበበ እጅ የተጠረገ ግቢ ሲያይ ሌላ ምን ይሥላል? ያየው እሳት መከላከያ ነው፤ የሣለው አክሊል ነው። ሁለቱም ነው። ሁለት መቶ ሰባ ገጽሽ አልፈረሰም ልጄ፤ ሰው ገባበት እንጂ።

ከባዱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። ሥዕሉ ጥር ነው፣ ወረቀቱ መጋቢት። ጥር ላይ ሰው እንደሚኖርበት አይቶ አክብሮ ሣለው። መጋቢት ላይ ‘ጠፍ’ የሚለውን ወረቀት ፈርሞ ተቀበለ። አጎቴን እወደው ነበር፤ ብሩሽ መያዝን ያስተማረኝ ባይሆንም ብሩሽ የሰጠኝ እሱ ነው። እጁ አልዋሸም። ፊርማው ነው የዋሸው። አንቺ የምትፈሪው ፕሮፌሰሮቹን ይመስልሽ ይሆናል። እኔ ግን ይህችን ነገር የምትፈሪ ነው የሚመስለኝ።

ሥዕሉ አንቺ ዘንድ ነው። ሄደሽ እዪው። ፎቶውን ተይና ራሱን እዪው።

ደባልቄ

*

ጌንት፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ደባልቄ፤

ሰላምታ መጻፍ አልቻልኩም፤ ይለፉኝ።

ደብዳቤዎን አንብቤ ሁለት ቀን ተናድጄ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ወደ ቤተ ሥዕሉ መጋዘን ሄጄ ሥዕሉን ከፍሬሙ እንዲያወጡልኝ ጠየቅኩ። የጥገና ባለሙያዋ ጠረጴዛ ላይ አጋደመችውና በማጉያ መነጽር ስናየው አረፈድን።

በቀለበቱ የውጭ ጠርዝ ላይ ዘጠኝ አጫጭር ቀጥ ያሉ መስመሮች አሉ። በጥናቴ ገጽ 118 ላይ “የጠርዝ ምት፣ ከድጓ የዜማ ምልክት ጋር የሚመሳሰል” ብዬ ጽፌላቸዋለሁ። በማጉያው ሲታዩ እያንዳንዱ መስመር ላይ እንደ ቅጠል የተበተነ አረንጓዴ ነጥብ አለ። ቅርንጫፍ የያዙ ሰዎች ናቸው። አንዷ ከሌሎቹ ታንሳለች፤ እሷ የያዘችው ቅርንጫፍ አይደለም። አራት ዓመት ሙሉ አየኋቸው፤ ሰው መሆናቸውን አላየሁም።

ለኮሚቴው ዛሬ ጽፌአለሁ። ሁለት መስመር ሳይሆን ሦስት ገጽ ነው፤ ፎቶዎቹንም አያይዣለሁ። ገጽ 41 ስህተት መሆኑን በስሜና በፊርማዬ ገልጫለሁ። ለቴዎም ልኬለታለሁ። “እህት የለኝም” ብሎ መልሶልኛል። ለአምስቱ መምህሮቼም ነግሬአለሁ፤ አንዱ ጥናቴን የምከላከልበትን ቀን ወደሚቀጥለው ዓመት እንዳራዝመው መክሮኛል። አላራዝመውም።

ይህን ያደረግኩት ለእርስዎ ብዬ እንዳይመስልዎ። እርስዎ አያቴን ወስደውብኛል። ሥዕላቸውን ባየሁ ቁጥር ከእንግዲህ ያንን ወረቀት ነው የማየው። ለዚህ አላመሰግንዎትም።

አንድ ነገር ቀርቷል። መጽሐፉ የታተመው ከፍሬም ጋር ከተነሣ ፎቶ ነው። ፍሬሙ በግራ በኩል ሁለት ጣት ያህል ሸራ ሸፍኗል። ሲነሳ ሌላ ቀለበት አለ። ግማሹ ብቻ ነው፤ ሌላው ግማሽ ከሸራው ውጭ ይቀራል። ያው ነጣ ያለ ቢጫ፣ ያው የተጠረገ አፈር። ከማንጎው በስተግራ።

ጉብታው ላይ ቆመው ያጋጠሙት እርስዎ ነዎት። በስተግራ ያለው ምን እንደሆነ እኔ አልነግርዎትም። ይህንንም ለኮሚቴው ጽፌዋለሁ።

ቤዚ

*

አሶሳ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቤዚ፤

ንክሻሽ ደርሶኛል። ጥርስሽ ጤነኛ መሆኑን በማወቄ ደስ ብሎኛል።

በመጀመሪያ ዜናው። ኮሚቴው በቀጠሮው ማንጎው ሥር ተቀመጠ፤ አምስት ሰው፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር። ሦስት ገጽሽ በድምፅ ተነበበ። አንባቢው ‘የጥገና ባለሙያ’ የሚለው ላይ ሲደርስ መኪና የሚጠግን ሰው መስሎት ቆም ብሎ አሰበ፤ እኔ ነኝ ያስረዳሁት። ፎቶውን ለነዕማ ሰጧት። ዘጠኙን ሰዎች አንድ በአንድ እየነካች ስም ጠራች። ሰባቱን አወቀች። ትንሿ ጋ ስትደርስ ፎቶውን መለሰችላቸው። ሊቀመንበሩ “እሷስ ማን ናት?” አላት። “ይሄ እኔ ነው” አለች፣ “መጥረጊያ ይዟል።” በማግስቱ ውሳኔው ወጣ። ቦታው የነዕማ ነው። ወረቀቱ ስለ ቀዳሚነት ማስረጃ አይሆንም ተባለ።

ቴዎ ሳይሰናበተኝ ሄደ። አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ስንቅ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ተቀብሎኝ በመስኮት ለሌላ ሰው ሰጠው። አልፈርድበትም። አንቺ ግን ‘እህት የለኝም’ ማለቱን በልብሽ አታኑሪው፤ እኔን ለሦስት ዓመት ‘አጎት የለኝም’ ብሎኝ ለሠርጉ ድንኳን ላይ ስም የሚጽፍ ሲያጣ ጠርቶኛል።

ነዕማ ለዶክተሯ ማንጎ ልላክ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የአውሮፓ ጉምሩክ ማንጎ ይበላል ብያታለሁ። ምስጋናዋን ግን አደራ ብላኛለች፤ እነሆ። የእኔን ምስጋና አልጠየቅሽም፤ ስለዚህ አልሰጥሽም።

አሁን ወደ ግማሽ ቀለበትሽ ልምጣ። በዚህ ላይ አልስማማም። አርባ ዓመት ብሩሽ የያዘ ሰው እንደመሆኔ ልንገርሽ፤ ሠዓሊ ሁሉ ሥራውን ሲጨርስ ብሩሹ ላይ የቀረውን ቀለም አንድ ቦታ ይጠርጋል። ብዙውን ጊዜ ጠርዝ ላይ፣ ፍሬም የሚሸፍነው ቦታ። እኔም አደርገው ነበር። አጎቴ ቢጫው ተርፎት ጠረገው፤ እጁ ክብ መሥራት ስለለመደ ጠርዙ ጎበጥ አለ። ይኸው ነው ነገሩ። አንቺ ከአክሊል ወርደሽ በየጠርዙ ሰው ማየት ጀመርሽ፤ እንደ አዲስ አማኝ። እዚህ በነበርኩበት ዘመን ሁሉ ‘ይህ የአባቴ ግቢ ነበር’ ያለኝ አንድ ሰው የለም። ኮሚቴውም ስለዚያ ምንም አልጠየቀኝም። መቼም ሥዕልን እንደ መስኮት ቆጥሮ ‘ያቺ ቀለም የማን ናት’ ማለት በትምህርት ዓለም የታወቀ ስህተት ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ስለዚህ የካቲት 20 ቀን ስለዚያ ጠርዝ ባታነሺ፣ ብታነሺም የብሩሽ መጥረጊያ ሊሆን እንደሚችል አንዲት መስመር ብታስገቢ፣ ለጥናትሽም ጥንቃቄ ነው፤ ለኮሚቴውም እኔ ራሴ እንደ ባለሙያ ልጽፍ አስቤ ጀምሬው…

ቆይ፤ በር ተንኳኳ። ነዕማ ከሆነች በጓሮ ነው የምትመጣው።

ነዕማ አይደለችም። ይህን ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ነው፣ ከእኔ የሚበልጥ፣ በትር የያዘ። “ሰላሙ ዐለይኩም። ሻዕባን እባላለሁ፤ ከባምባሲ ነው የመጣሁት” አለኝ። ነዕማ ፎቶው ላይ ስማቸውን ከጠራቻቸው ሰዎች የአንዱ ልጅ ነው፤ ወሬው ደርሶታል። ግባ አልኩት። ቤቱን አላየም። እኔንም ብዙ አላየኝም። በጎኔ አልፎ ጓሮ ሄደና የቀለም ጣሳዎቼን ከደረደርኩበት ሲሚንቶ አጠገብ ቆመ። በበትሩ መታ መታ አደረገው።

“የአባቴን ጉድጓድ ማን ደፈነው?” አለኝ።

የደፈንኩት እኔ ነኝ ቤዚ። ቤቱ ውስጥ የገባሁ ዓመት፣ ዙሪያውን በድንጋይ የተገነባ ጉድጓድ አገኘሁ። ባዶ መሬት ላይ ጉድጓድ ማን ቆፈረ ብዬ ማንንም አልጠየቅኩም።

እዚያው ቆሞ ይጠብቀኛል። ወንበር ላውጣለት።